ፕላስቲኩ ያልተቀደደው መጽሐፍ

ይሄ የአንድ የኮሌጅ ተማሪ ጉድ ነው። እናንተም ነገ ከነገ ወዲያ ልጅ ወይ ወንድም ወይ እህት ኮሌጅ ትልካላችሁ፤ ስለዚህ ጆሯችሁን አውሱኝ። መሳቅ ይቻላል፤ ግን እየሳቃችሁም ቢሆን ስሙ።

ልጁን ጓደኞቹ «መርማሪው» ነበር የሚሉት። ስሙ የወጣለት ዶርም በገባበት ቀን ነው። ሌላው ተማሪ አንሶላውን ሲያነጥፍ እሱ ፍራሹን ገልብጦ አየ፣ ትራሱን ጨመቀ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ሁለት ቁልፍ አንጠለጠለ። ሳሙናው ላይ ሳይቀር በጥፍሩ መስመር ያሰምራል፤ ሰው ተጠቅሞበት እንደሆነ ሊያውቅ። «እንዴት አደርክ?» ያለው ሰው ካለ «ምን ፈልጎ ነው?» እያለ እስከ ምሳ ሰዓት ያስባል።

የሚያስተምረው ታላቅ እህቱ ነች። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድ ሰው ብቻ የምታስገባ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ዚፕ ስትቀይርና ሱሪ ስታሳጥር ነው የምትውለው። መርማሪው ባለፈው ዓመት የኤሌክትሪክ ሞተር ትምህርት ላይ ወድቋል። ኮሌጁ ደግሞ ቁርጡን ነግሮታል፤ ዘንድሮ ከደገመው ሻንጣውን ይዞ መውጣት ነው።

«ያለ መጽሐፍ ተምረህ ነው የወደቅከው» አለችው እህቱ፣ መርፌ ከአፏ ሳታወጣ። «ይሄን ብር ያዝ። ለመጽሐፍ ነው! ሌላ ነገር ብታደርግበት ዓይንህን እንዳላይ።»

«ኧረ እትዬ፣ ምን በወጣኝ!»

ኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሞተር መጽሐፏን ልትሸጥ ወረቀት ለጥፋለች። ደወለላት፤ ወርክሾፑ በር ላይ ተገናኙ። መጽሐፉ ጠርዙ ያረጀ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የግሪስ ጣት አርፎበታል፤ ውስጡ በየገጹ ዳር በእርሳስ ተጽፎበታል።

«ስንት ነው?»

«ሦስት መቶ።»

አዲሱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይዘል ነበር። መርማሪው ግን ዓይኑን አጠበበ።

«ደህና መጽሐፍ ከሆነ ለምን ትሸጪዋለሽ?»

«ፈተናውን አልፌበታለኋ! ተንተርሼው ልተኛ ነው? የዘንድሮውን መጽሐፍ ልገዛበት ነው። ይሄኛው አራተኛ እትም ነው፣ መምህሩ የሚያስተምርበት። እንካ፣ ገልጠህ እየው።»

እጁን ኪሱ ከተተ እንጂ አልነካውም።

«ይሄ የእርሳስ ጽሑፍስ?»

«መምህሩ ጠበቅ አድርጎ ያስተማራቸው ቦታዎች ናቸው። እሱ እንኳ በነፃ ነው» አለችና ሳቀች።

ሳቋ ነገሩን ሁሉ አበላሸው። «ምን ያስቃታል? ሆን ብላ የተሳሳተ ነገር ጽፋበት ቢሆንስ? ከመሃል ገጽ ጎድሎ ቢሆንስ?» አለ በሆዱ። ልብ በሉ፤ ገጹ መጉደል አለመጉደሉን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። መጽሐፉ እፊቱ ነው፣ ልጅቷም «ገልጠህ እየው» ብላዋለች።

«ላስብበት» አላት።

«አስብ። ግን ሌሎች ልጆችም ደውለውልኛል፤ እንዳትዘገይ።»

«አሃ! ልታጣድፈኝ!» አለና ጥሏት ሄደ።

ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት አንድ መጽሐፍ ሻጭ አለ። ሰውዬው ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም፤ ምላሱ ግን ቅባት ነው። መርማሪው ገና ሲገባ ፊቱን አነበበው መሰለኝ፣ እንዲህ አለው፦

«ወንድሜ፣ በዚህ ዘመን ሰው አይታመንም!»

የመርማሪው ልብ ቅቤ ጠጣ። በመጨረሻ የሚገባው ሰው አገኘ!

«ከተማሪ አሮጌ መጽሐፍ የሚገዙ አሉልህ» ቀጠለ ሻጩ። «ገጹን ቀዳደው ይሸጡላቸዋል። የእኔ ግን ይኸው፣ እንደታሸገ ነው። የሰው እጅ አልነካውም። ሌላ ቦታ አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ ላንተ ዘጠኝ መቶ። ደግሞ ፕላስቲኩን ሳትቀድ ካመጣህልኝ ዓመቱ ሲያልቅ በስምንት መቶ መልሼ እገዛዋለሁ።»

መርማሪው አሰበው። መቶ ብቻ! ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለውን እያነበበ ይሄን እንደታሸገ ቢያስቀምጠው፣ ዓመቱን ሙሉ ባለመጽሐፍ ሆኖ የሚከስረው መቶ ብቻ ነው። ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠ። ከሻጩ ጀርባ ግድግዳው ላይ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ተሰቅሏል። በዓይኑ አይቶታል። ፀጉር የሌለው ሰው የፀጉር ማድረቂያ ምን ያደርግለታል ብሎ ግን አልጠየቀም። በሳሙና ሰው የሚጠረጥር ልጅ!

መጽሐፉ ቁም ሳጥን ገባ፤ ሦስተኛ ቁልፍም ተገዛለት።

የዶርም ጓደኛው «ሽማግሌው» ይባላል። ዕድሜው ሃያ ነው፤ ግን በጊዜ ይተኛል፣ ሰውን ሁሉ «ልጄ» ይላል። የሦስተኛ ዓመቷን መጽሐፍ የገዛው እሱ ነበር። ገጹን አንድ በአንድ ገልጦ፣ የእትሙን ቁጥር አይቶ፣ ሃምሳ አስቀንሶ።

«ልጄ፣ መጽሐፍህን መቼ ነው የምትከፍተው?» አለው አንድ ቀን።

«ምን አገባህ?»

«እኔማ ምን አገባኝ። ግን ጫማ ገዝተህ፣ ካርቶኑን ተሸክመህ በባዶ እግርህ ስትሄድ ሳይ እግሬን አመመኝ። ና ይሄን አብረን እናንብብ።»

«ለምን?»

«ሁለት ሆኖ ሲነበብ ስለሚገባ ነዋ!»

መርማሪው «የእኔን ሊያስከፍተኝ ነው» ብሎ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጎትቶ አየ።

ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ቤተ መጻሕፍት ሄደ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከመነጽሯ በላይ አየችው።

«የሞተሩ? እሱማ ተገነጣጥሎ ሊጠረዝ ተልኳል።»

«መቼ ይመጣል?»

«ከፈተና በኋላ።»

ክው አለ። ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ወደ ዶርም ተመልሶ ሦስቱን ቁልፍ ከፍቶ፣ ያቺን ስምንት መቶ እያሰበ፣ ፕላስቲኩን ቀደደው።

ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ አራተኛ እትም ነው። ውስጡ ግን ቢጫ ነው፣ እንደ ድሮ ጋዜጣ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «አንደኛ እትም» ይላል። ትምህርቱ ዘጠኝ ምዕራፍ ነው፤ መጽሐፉ አምስተኛው ላይ አለቀ። ሽፋኑ በሙጫ የተለጠፈ ነው፤ ጠርዙን በጥፍሩ ቢነካው ተላቆ መጣ።

እየሮጠ ሱቁ ደረሰ። ሻጩ በዚያ የፀጉር ማድረቂያ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ሙቅ አየር እየነፋ ነበር። ፕላስቲኩ እየተኮማተረ መጽሐፉ ላይ ልጥፍ ይላል።

«ይሄ ምንድነው የሸጥክልኝ?»

«ፕላስቲኩስ?» አለ ሻጩ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ቀደድኩታ!»

«እንግዲያው የእኔ ስለመሆኑ በምን አውቃለሁ? ራስህ ሽፋኑን ገንጥለህ ብትለጥፈውስ? በዚህ ዘመን ሰው አይታመንም!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አትናደድ ባክህ። ሃምሳ ስጠኝና መልሼ ላሽግልህ። ለአንዱ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በስምንት መቶ ትሸጥለታለህ። ማን ያውቃል?»

አልዋሽም፤ መርማሪው ለአፍታ ልቡ ወደዚያ አዘንብሎ ነበር። እጁም ወደ ኪሱ መሄድ ጀምሯል። ግን የዚያ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እህት ትዝ አለችው። የማያውቃት ሴት ናት፤ እሷም ግን መርፌ በአፏ ይዛ ታየችው። መጽሐፉን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ።

ዶርም ሲገባ ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ እያነበበ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ሰው የሞተብህ ትመስላለህ?»

መጽሐፉን አሳየው። ሽማግሌው ሽፋኑን አየ፣ ውስጡን አየ፣ እንደገና ሽፋኑን አየ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ ወንበሩን ገፋ አደረገለት።

«ና ቁጭ በል። ምዕራፍ ስድስት ላይ ነኝ።»

«ስንት ልታስከፍለኝ ነው?»

«በሁለት መቶ ሃምሳ ነው የገዛሁት። ግማሹን ክፈልና የጋራችን ይሁን። ከፈተና በኋላ ሸጠን እንካፈላለን።»

ቁጭ አለ። ጠባይ ግን በአንድ ቀን አይለቅም፤ የገጹ ዳር ላይ ያለው የእርሳስ ጽሑፍ አላስተኛውም። በማግስቱ ሁለቱንም መጻሕፍት ይዞ መምህሩ ቢሮ ሄደና አንዱን ጽሑፍ አሳየው።

«ይሄ ትክክል ነው?» አለው።

መምህሩ አየው። «ልክ ነው። እንዲያውም እኔ ካስረዳሁት ይሻላል። ማን ጻፈው?» ከዚያ የመርማሪውን አንደኛ እትም አገላብጦ ራሱን ነቀነቀ። «ምነው በመጀመሪያው ቀን ብትጠይቀኝ? ሦስተኛው እትም እንኳ ያስኬድሃል፤ የሚለየው የመልመጃው ቁጥር ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። አንደኛው ግን ለምንም አይሆንህም።»

መርማሪው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጣራው ያኔ ነው። እስከዚያ ሲጠረጥር ብቻ ነበር። መጠርጠርና ማጣራት ደግሞ ለየቅል ናቸው፣ ወገኖቼ። የሚጠረጥር ሰው ጥግ ይዞ ያጉረመርማል፤ የሚያጣራ ሰው ገጹን ይገልጣል፣ እትሙን ያያል፣ መምህሩን ይጠይቃል፣ ከዚያ ይገዛል። ዕቃውን መርምሩ! የታሸገ ነው ሲሏችሁ «ክፈተውና ልየው» በሉ። እንቢ ካለ ውጡ። ሰውን ግን ስለሳቀ ብቻ ሌባ አታድርጉት። የገዛችሁትንም ተጠቀሙበት፤ ነገ ልሸጠው ብሎ ዛሬ ያልተነበበ መጽሐፍ በነፃም ቢገኝ ውድ ነው።

ፈተናውን ተፈተነ። ውጤቱ ሃምሳ ስምንት፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። ለእህቱ ደውሎ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳይደብቅ ነገራት። የስፌት መኪናዋ ቆመ።

«አለፍክ ወይስ አላለፍክም?»

«አልፌያለሁ እትዬ።»

«ተመስገን። በል እንግዲህ በእረፍትህ ና፤ የዘጠኝ መቶ ሱሪ ታሳጥርልኛለህ።» መኪናዋ እንደገና ተንጫጫ።

ሽማግሌው መጽሐፉን ለመርማሪው ሰጠው። «አንተ ሽጠው። ዛሬውኑ፣ ትምህርቱን የሚጀምሩት ልጆች ሳይበተኑ። ለዓመት ካቆየነው አዲስ እትም ይወጣና ማንም አይነካውም።»

መርማሪው አንዲት ተማሪ አገኘ። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ገጹን ሁሉ አስገለጣት፣ የግሪሱን ጣት ሳይቀር አሳያት፣ የትኛው ሱቅ እንዳትገባም ነገራት። በሁለት መቶ ሃያ ሸጠላት። ብሩን ይዞ ሲመለስ ሽማግሌው ሻንጣ እያሰረ ነው። ድርሻውን ሰጠው። ሽማግሌው ሳያየው ኪሱ ከተተና ገመዱን መጎተቱን ቀጠለ።

«አታየውም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ልክ መሆኑን ነዋ!»

«አንተ አይደለህ የሰጠኸኝ?»

መርማሪው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ፦

«የሚቀጥለውን ዓመት መጽሐፍ አብረን እንግዛ?» አለ።

«እንግዛ።»

«ገጹን ግን ከመግዛታችን በፊት እንገልጣለን።»

«ያለዚያማ ማን ይገዛል፣ ልጄ! በል የሻንጣውን ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ተነሥቶ ያዘለት።