ሙጃ የምትጠብቀው አውሮፕላን

መሐንዲስ ቢሆነኝ ጠዋት የተገኙት በእርዳታ እህል መጋዘን ውስጥ፣ በተናደ የጆንያ ክምር ሥር፣ በደረታቸው እንደተደፉ ነበር። ከጆንያዎቹ መካከል የሚታየው አንድ እጃቸውና አንድ ጫማቸው ብቻ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እንግዳው ገና በሩ ላይ እንደቆመ ጥፋተኛዋን አገኘ፤ የመጋዘን ጠባቂዋ ጀውሀራ ናት። ጓድ እንግዳው ጥፋተኛ ለማግኘት ከዚያ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶበት አያውቅም።

የፖሊሱ መቶ አለቃ ሙሉሃብት ጥሪው የደረሰው ኮን ከተማ ላይ የበቅሎ ስርቆት ሲያጣራ ነው። ከላሊበላ በታች ወዳለው የአውሮፕላን ሜዳ ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ፣ ያየውን ሁሉ በእጁ ካልዳሰሰ የማያምን ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ቶማስ» እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱም አይቀየምም።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ እንግዳው። «ክምሩን ያለ ደንብ ደርድራ የመንግሥት ሰው አስፈጀች። የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ማታ ወደ ደሴ በሚወርደው መኪና ትጫናለች።»

ጀውሀራ የፊጥኝ ታስራ ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። በዚያ በ1977 ዓ.ም. በዚህ ስም ደሴ የወረደ ሰው እንዴት ሆኖ እንደሚመለስ፣ ከተመለሰ ማለት ነው፣ እሷም ሙሉሃብትም ያውቃሉ።

«እንግዲያው መኪናው እስኪነሳ ጊዜ አለኝ» አለ ሙሉሃብት።

ሟቹ ወደዚህ የመጡት ለመምረጥ ነበር። ድርቁ ላስታን ሲያራቁት መንግሥት አሁን እህል ወደ ደጋው የሚያደርስ፣ ኋላም ለጦሩና ለአየር መንገዱ የሚያገለግል አንድ ዓይነት የበረራ ማሽን ሊገዛ አሰበ፤ ምርጫውንም ለመሐንዲስ ቢሆነኝ ሰጠ። ሜዳው ላይ ሁለት ተፎካካሪዎች ቆመዋል፤ የሻለቃ ፈንታው ሄሊኮፕተርና የካፒቴን ዓለምእሸት ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን። ትናንት ሁለቱም ስንዴ ጭነው ተፈትነዋል፤ ሄሊኮፕተሩ በማለዳ፣ አውሮፕላኑ ከሰዓት በኋላ። የመሐንዲሱ ውሳኔ ዛሬ ጠዋት ሊሰማ ነበር።

ሙሉሃብት ሁለት የጆንያ ክምር ወደያዘው መጋዘን ገባ፤ የተናደው አንዱ ብቻ ነው። ሬሳው ላይ የተጫነውን ጆንያ ጎተተ፤ ቆም አለና እንደገና ጎተተው። ሊረዱት የመጡትን አብዮት ጥበቃዎች በእጁ ምልክት መለሳቸውና ሌሎቹንም ብቻውን አንድ በአንድ ገለል አደረጋቸው። ከሟቹ ማጅራት ከፍ ብሎ ጥልቅ ቁስል አለ፤ አንዱ ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ክምሩን ደግፎ የነበረው አጣና ከሥሩ ተነቅሎ ወዲያ ወድቋል። የመጋዘኑ ቁልፍ ከመሐንዲሱ ኪስ ተገኘ።

ሲወጣ የሻለቃ ፈንታው ወታደሮች የጭነት መኪናቸውን ወደ በሩ እያስጠጉ ነበር።

«ምን ልትጭኑ ነው፣ ጌታዬ ሻለቃ?»

«እነዚያን ጆንያዎች። ደም የነካው እህል ለሕዝብ አይሰጥም። እኛው እናስወግደዋለን።»

«ደሙ ሁሉንም ነካቸው?»

ሻለቃው መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ፊቱ የተላጨ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ በረሃብ አገር መካከል እንኳ አቧራ የማይደፍረው ሰው ነው። «ስማኝ፣ መቶ አለቃ። ይህ አደጋ ነው። እኔ ሰውየውን የምጎዳበት ምክንያት የለኝም። ማሽኔ ትናንት ጭነቱን ይዞ እንደ ጭልፊት ሲነሳ ሰው ሁሉ አጨብጭቧል።»

«ጭነቱን የጫነው ማን ነው?»

«የራሴ ወታደሮች። ጫኑ፣ አወረዱ፣ ደረደሩ። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀድኩም።»

«ትናንት ማምሻውን የት ነበሩ?»

«ድንኳኔ ውስጥ። ብቻዬን።»

ችኮላው ሙሉሃብትን አላማረውም። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ሻለቃው ደግሞ ከነገሩ ሁሉ የቸኮለው ለጆንያዎቹ ነበር። መቶ አለቃው መኪናው ባዶውን እንዲመለስ አዝዞ ወደ አውሮፕላኑ ሄደ።

ካፒቴን ዓለምእሸት በክንፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብሏል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን አለው።

«ደጋው ላይ ያለችው የሙጃ ልጅ ነዎት አሉኝ።»

«ነኝ። አውሮፕላን ይመጣላችኋል አልኳቸው፤ እነሱም ረሃብ ባደከመው ጉልበታቸው ድንጋይ ለቅመው ሜዳ ደልድለው ይጠብቃሉ። እናቴ ሳትቀር ተሸክማለች።» በአገጩ ወደ ሄሊኮፕተሩ አመለከተ። «ሄሊኮፕተር ቢመረጥ ወር ሳይሞላው ወደ ጦር ግንባር ነው የሚሄደው። ወታደር ይጭናል እንጂ እህል አይጭንም።»

«ይህን ለመሐንዲሱ ነግረዋቸው ነበር?»

«ስንቴ! ‹ነገ ትሰማለህ› ነው መልሳቸው። ሌላ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ያ ማሽን ትናንት ሲነሳ ፊታቸውን አይቼዋለሁ፤ አፋቸውን ከፍተው ነው የቀሩት።»

ሙሉሃብት ጎንበስ አለ። በግራው ጎማ ሥር አውሮፕላኑ እንዳይንሸራተት የተወሸቀ የእንጨት ታኮ አለ። በቀኙ ጎማ ሥር ያለው ግን የሜዳ ድንጋይ ነው።

«ሌላው ታኮ የት ሄደ?»

«ለማገዶ ወስደውት ይሆናል። እንጨት የጠፋበት አገር አይደል?»

«ይሆናል» አለ ሙሉሃብት፤ የቀረውን ታኮ በጣቱ ዳሰሰው። ጠንካራ እንጨት ነው፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ተልጓል።

በመጨረሻ ወደ ጀውሀራ ተመልሶ ገመዷን ፈታላት። እጇ አብጧል።

«እህቴ፣ ቁልፉ እንዴት እሳቸው ኪስ ገባ?»

ያበጠ እጇን እያሸች አቀረቀረች።

«ጆንያውን እኮ አንስቼዋለሁ» አላት፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጀውሀራ ቀና ብላ አየችውና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ወላሂ እኔ አልነካሁትም፣ ጌታዬ! ብናገር ስንዴውን የበላሽው አንቺ ነሽ ይሉኛል። ባልናገር ገደልሽ አሉኝ። በየት በኩል ልውጣ?»

«ለእኔ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።»

ነገረችው። የሰማው ነገር ሙሉሃብትን አሳዝኖታል። ከዚያ ተነስቶ ሬሳውን አስወጣ፤ በሩን ዘግቶም ክምሩን ብቻውን እንደ ነበረ ደረደረና አጣናውን አስደግፎ ሁሉንም ወደ መጋዘኑ ጠራ። ሻለቃውን፣ ካፒቴኑን፣ ጀውሀራንና ሊቀመንበሩን ከክምሩ ሥር አቆማቸው።

«መሐንዲስ ቢሆነኝ የቆሙት እዚህ ነበር» ብሎ ጀመረ። ወዲያው አጣናውን በሁለት እጁ ይዞ ነቀለው።

«ሽሹ!» ብሎ ጮኸ ዓለምእሸት። የሊቀመንበሩን ክንድ ይዞ እየጎተተ ወደ በሩ ዘለለ። ሻለቃው ግን እጁን እንዳጣመረ ቆሞ ቀረ። ጀውሀራም አልተነቃነቀችም። ክምሩ ተንዶ ሙሉሃብትን ዋጠው።

እንግዳው «ሞተ! መቶ አለቃው ሞተ!» እያለ ሲጮህ፣ ጆንያዎቹ ተንቀሳቀሱና ሙሉሃብት አቧራውን እያራገፈ ወጣ። ከኪሱ ቢላ አውጥቶ የአንዱን ጆንያ ሆድ ቀደደ። ከላይ ጥቂት ስንዴ ጠብ አለ። ከዚያ በኋላ የፈሰሰው ሁሉ ገለባ ነው።

«ትናንት ሄሊኮፕተሩ የጫነው ይህ ክምር ድመትም አይገድል» አለ። «ታዲያ ይህን ማን አደረገው? አየሩ በሳሳበት ደጋ ሄሊኮፕተር የሚያነሳው ጭነት ይቀንሳል፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ሻለቃ ፈንታው ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ፈተናውን በማለዳ አደረጉት፤ እሱም እንዳይበቃ ጆንያዎቹን ገለባ አስሞሉ።»

«አብዮቱ መሣሪያው ያስፈልገዋል!» አለ ሻለቃው።

«እሱን ደሴ ይናገሩታል። እኔ ስጀምር ገዳዩ እርስዎ መስለውኝ ነበር። ግን ጆንያው ገለባ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ግድያውን በገለባ አይሸፍንም። ማጭበርበርዎ ከግድያው አዳነዎት። ሆኖም ክምሩ ሰው እንደማይገድል ከሁላችን በፊት ያወቁት እርስዎ ነዎት። አውቀውም ይህች ሴት ስትታሰር ዝም አሉ።»

ሻለቃው መነጽሩን ለማውለቅ እጁን አነሳ፤ ግን መልሶ አወረደው።

«ጀውሀራስ?» አለ እንግዳው፣ ገና ከበሩ ሳይርቅ።

«ጀውሀራም ታውቃለች። ሄሊኮፕተሩ በዚህ አየር እንዲያ በቀላሉ መነሳቱ መሐንዲሱን አስደነገጣቸው። ማምሻውን መጋዘኑን አስከፍተው ጆንያ አነሱ፤ ‹አንቺም አንሺው› ብለው ለሷ ሰጧት። ከዚያ ቁልፉን ተቀብለው ለመግሪብ ሶላት አሰናበቷት። እዚህ ከቆምነው መካከል ክምሩን ፈርቶ የሸሸው እርስዎና ካፒቴኑ ብቻ ናችሁ። እርስዎ ትናንት እስኪመሽ ስብሰባ ሲመሩ ነበር፤ መላው ቀበሌ ይመሰክርልዎታል፣ ይማረርብዎታልም።»

ሁሉም ወደ ዓለምእሸት ዞሩ።

«እርስዎ ትናንት የጫኑት ከዚያኛው ክምር፣ እውነተኛውን ስንዴ ነው» አለ ሙሉሃብት፣ ቀስ ብሎ። «ሁሉም ጆንያ እንደዚያው ከባድ መሰለዎት። ማምሻውን ጎማዎቹን ሊያስደግፉ ሲሉ መሐንዲሱ ወደዚህ ሲገቡ አዩ። አንዱ ታኮ በእጅዎ እንዳለ ተከተሏቸው። የሚሉትን አሉ፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ‹ነገ ትሰማለህ› ብለው ጀርባቸውን ሰጡዎት።»

ካፒቴኑ የበሩን መቃን ያዘ። «አንድ ጊዜ ነው የመታኋቸው። አንድ ጊዜ! ሲወድቁ... የሙጃ ሰው ሁሉ ታየኝ። አጣናውን ነቅዬ ሮጥኩ። ታኮው አውሮፕላኑ ጭራ ውስጥ ነው።» ከዚያ መልሱን ለመስማት የፈራውን ጥያቄ ጠየቀ። «ምን ሊወስኑ ነበር?»

ሙሉሃብት ወደ ጀውሀራ ዞረ። «ንገሪው» አላት።

«ከዚያኛው ክምር የሙጃን ስንዴ ለጠዋት አዘጋጂ አሉኝ» አለች። «አውሮፕላኑ ነገ ሙጃ ይወርዳል አሉ። ‹ለዓለምእሸት ግን እንዳትነግሪው፤ ጠዋት ራሴ ነግሬው ደስ ሲለው ልየው› አሉኝ።»

ዓለምእሸት በቆመበት ቁልቁል ተንሸራትቶ ገለባው ላይ ተቀመጠ። ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም። ቆይቶ ሁለት እጁን ወደ ሙሉሃብት ዘረጋ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ላድርስላቸው። ከመሪው ጋር እሰረኝና አጠገቤ ተቀመጥ።»

ሙሉሃብት የተዘረጉትን እጆች አየ። ሃያ ዓመት በፖሊስነት ሲኖር እሺ ለማለት እንደዚያን ቀን ያማረው ጊዜ የለም። «አልችልም» አለ፤ እጆቹንም አሰረ።

የደሴው መኪና ማታ ሲነሳ የጫነው ካፒቴኑንና ሻለቃውን ነው። ሌላ አብራሪ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ሊያልፍ እንደሚችል በሬዲዮ ተነገረ። ጀውሀራ መሐንዲሱ ያዘዟትን ስንዴ አንዱንም ሳታስቀር ከአውሮፕላኑ አጠገብ አስደረደረችና ወደ መቶ አለቃው መጣች።

«ለሙጃ ሰዎች ምን እንበላቸው፣ ጌታዬ?»

የሙጃ ሰዎች ሜዳቸውን ጠርገው፣ የሞተር ድምፅ እያዳመጡ፣ ቀኑን ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ውለው ነበር።