የፊያቱ የግራ ጎማ

የፖሊሱ መቶ አለቃ ይማም ሬሳ አይቶ የሚደነግጥ ሰው አልነበረም። ከሚሴ ከተመደበ ወዲህ በጩቤ የተወጋውንም የቦርከና ወንዝ ጠርጎ ያመጣውንም አንስቷል። ያን እሁድ ከቀትር በኋላ በአብዱልጀባር ግቢ ያስደነገጠው የሬሳው እጅ ነው። ሁለቱም መዳፎች እስከ አንጓቸው በከረመ ስብ ተለውሰዋል፤ ዝንቡ ደሙን ትቶ እዚያ ሰፍሯል። ጎንበስ ብሎ ሲያሸት የሻገተ የበግ ጮማ ሸተተውና በመሐረብ አፉን ሸፈነ።

አብዱልጀባር በአሮጌ ሰማያዊ ፊያቱ ገበያተኛ ወደ ሰንበቴና ባቲ በማመላለስ የሚኖር ሰው ነበር። አሁን መኪናው ደረቱ ላይ ወድቆበት ተንጋሏል፤ ክሪኩ በጎኑ ተጋድሟል። የግራው የፊት ጎማ ወልቆ አጥር ተደግፏል። ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ የሚገባበት ብረት ግን ክዳኑ ተገጥሞለት ከዙሪያው አዲስ ጥቁር ግራሶ፣ የመኪና ቅባት፣ ወጥቷል።

ጎረቤት ተረባርቦ መኪናውን ሲያነሳ ይማም የሟቹን ራስ ቀና አደረገ። ከኋላ ተሰንጥቋል። የተኛበት አፈር ደግሞ እንደ ዱቄት የለሰለሰ ነው፤ ጠጠር እንኳ የለበትም።

«አደጋ ነው ጓድ መቶ አለቃ» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ይዞ። «ኩሽኔታ ሊቀይር ገብቶ ክሪኩ ከዳው። ጽፈን እንዝጋውና ይቀበር።»

«ይቀበራል። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም።»

ሬሳውን ያገኘችው ሚስቱ ዘሊካ ናት፤ ከወፍጮ ቤት የተሸከመችው ዱቄት አሁንም ትከሻዋ ላይ ነጥቷል።

«ጎማውን ለምን ዛሬ ሊከፍተው ፈለገ?» አላት ይማም።

«ጎማው ሲሄድ እንደ ጅብ ያላዝን ነበር። ‹ለግራም ለቀኝም አዲስ ኩሽኔታ ከገባ ሦስት ወሩ ነው፤ እንዴት ያረጃል? ከፍቼ ማየት አለብኝ› አለ።»

«ማን ነበር የገጠመለት?»

«አብዶ ነዋ። እሱ ነው መካኒካችን።»

«ዛሬ ከሰው ተጣልቷል?»

የዘሊካ ዓይን ደጃፉ ላይ ወደ ቆመው በሽር ሄደ። በሽር የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ያችኑ ፊያት በተራ ይነዳል።

«እኔ ነኝ የተጣላሁት» አለ በሽር። «ለነገ ባቲ ገበያ ልሂድ ስል ‹በዚህ ጎማ እንደ እንድሪስ ሰው ልትጨርስ ነው?› ብሎ ቁልፉን ነጠቀኝ። ተናድጄ ጫት ቤት ገባሁ። ግን ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ እኮ ነው። እንዴት አድርጌ እገድለዋለሁ?»

እንድሪስ የዘሊካ ወንድም ነበር። ሐምሌ ላይ የሚነዳው የጭነት መኪና የፊት ጎማው ጨፋ ሜዳ ላይ ተነቅሎ ተገለበጠና እሱም ተሳፋሪዎቹም አለቁ። ከተማው «በጫት ምርቃና አንቀላፍቶ ሰው ፈጀ» እያለ እስከ ዛሬ ስሙን ያነሳዋል። አሁን ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ «በሽር የወንድሙን ሚስት ሊወርስ ነው» የሚል ሹክሹክታ ይሰማል። ይማም ምራቁን ተፋ።

«በሽር፣ ኩሽኔታ ስትቀይር የት ትቀመጣለህ?»

«ጎማው ፊት ለፊት፣ መሬት ላይ።»

«መኪናው ሥር አትገባም?»

«ምን ልሠራ እገባለሁ? የሚፈታውም የሚታሰረውም ከውጭ ነው።»

መካኒኩ አብዶ ሽበት የጀመረው፣ በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነው። ከለቀስተኛው ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነበር።

«ዛሬ እዚህ መጥተው ነበር አብዶ?» አለው ይማም።

«የለም። ወገቤን አሞኝ ተኝቼ ነው የዋልኩት። ሰው ነግሮኝ ነው የመጣሁት።»

«የገጠሙለት ኩሽኔታ አዲስ ነበር?»

«ቁርአን ይምታኝ፣ ከደሴ ከነወረቀቱ ያመጣሁት ነው።»

«ምን ቀብተው ገጠሙት?»

«ግራሶ ነዋ። ሌላ ምን ይቀባል?»

ይማም የሰውየውን እጅ አየ። በአመድ ተፈትጎ ቀልቷል፤ ጥፍሮቹ እንደ ሙሽራ ጥፍር ነጥተዋል። ታሞ ተኝቶ የዋለ መካኒክ እጁን እንዲህ የሚፈትገው ለምንድን ነው?

ሬሳው ታጥቦ እስኪከፈን ይማም ሁሉንም ፊያቱ ዘንድ ሰበሰባቸው።

«ኩሽኔታ የሚቀይር ሰው መኪና ሥር አይገባም» ሲል ጀመረ። «አብዱልጀባርን ሥር ያስገባው ሌላ ሰው ነው። ራሱ የተሰነጠቀው ከኋላ ነው፤ የተኛው ግን ለስላሳ አፈር ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተመታ፣ ቀጥሎ ተጎተተ፣ ከዚያ መኪናው እንዲወድቅበት ክሪኩ ተመታ።»

«ማን?» አለ በሽር።

«እጁን አይታችኋል። ስብ ነው። ጎማው ውስጥ ያለው ግን ግራሶ ነው። አብዱልጀባር ሲከፍተው ስብ አገኘ፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ አንድ ሰው ስቡን ጠርጎ ግራሶ ሞልቶ ዘጋው። ሬሳ አጠገቡ አጋድሞ ጎማ የሚያጸዳ ሰው የሚደብቀው ነገር ጎማው ውስጥ ነው። በሽር ይህን የሚያደርግበት ምክንያት የለውም። ምክንያት ያለው ስቡን የሞላው ሰው ነው።» ወደ አብዶ ዞረ። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ሲለው ነበር። «የቀኙን አልደረስክበትም፤ ዘሊካ ከወፍጮ ተመለሰችብህ። ና ክፈተው።»

«ወገቤን…»

«በሽር፣ አንተ ክፈተው።»

በሽር የቀኙን ጎማ አውልቆ ክዳኑን በመፍቻ ሲፈነቅለው ሽታው ግቢውን ሞላው። ከብረት ብናኝ ጋር የቦካ ቢጫ ስብ እንደ መግል ተንጠባጠበ፤ ከውስጡ የወጣው ኩሽኔታ ተበልቶ ዝጓል። ሊቀመንበሩ አጥሩን ይዞ አስመለሰው።

ዘሊካ ግን አልሸሸችም። ቀርባ ስቡን አየችና ወደ አብዶ ዞራ ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች።

«የእንድሪስ ሶደቃ ለት የበጉን ላት ስጪኝ አልከኝ። ለወገቤ መድኃኒት ነው አልክ። በእጄ ጠቅልዬ ሰጠሁህ።»

«የእንድሪስን መኪና ጎማ የሠራው ማን ነበር?» አለ ይማም።

አብዶ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ግራሶ ከገበያ ጠፍቶ ነበር» አለ። «አዲሱን ኩሽኔታ ሸጥኩና አሮጌውን በስብ ገጠምኩት። ዛሬ አብዱልጀባር ‹ና እየው› ብሎ ላከብኝ። ለመንኩት። ‹እንድሪስንም የገደልከው አንተ ነህ፤ ለዘሊካ እነግራታለሁ› አለኝ። በኢኮኖሚ አሻጥር ያስረሽነኝ ነበር። ፊቱን ሲያዞር…»

«ከኋላ መታኸው። ጎማውን ጠረግህ፤ የሞተውን ሰው እጅ መጥረግ ግን ተጠየፍክ።»

ፖሊሶቹ አብዶን ሲወስዱት የእንድሪስን ስም ሲያብጠለጥል የከረመው ሕዝብ በዚያው አፉ አብዶ ላይ ተፋ። ሊቀመንበሩም አፉን እየጠረገ መጣና «እኔማ ጥንቱንም ጠርጥሬው ነበር» አለ። ይማም ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ።

ሬሳው በቃሬዛ ወጥቶ ወንዶቹ ሊያነሱት ሲጠጉ ዘሊካ ከበሩ ቆመች።

«ወንድሜን በምርቃና ሰው ፈጀ ያላችሁ፣ ባሌን እንዳትሸከሙት።»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እጆች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተመለሱ። በሽር የፊቱን ያዘ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ተከተሉት። አራተኛው ማዕዘን ያዥ አጣ።

ይማም ቆቡን አውልቆ አብሮት ለቀረው ፖሊስ ሰጠና ትከሻውን ዝቅ አደረገ።