መርቭ ፎጣ የሚያቀብለው ለማን ነው?

ይህ እውነት ነው።

አላምንም ብትሉኝ አልቀየማችሁም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር። ግን የሆነው በእኔ ትዳር፣ በእኔ ቤት፣ በእኔ ልጅ ነው።

ሰው አስፈሪ ነገር ጨለማ ጠብቆ የሚመጣ ይመስለዋል። የእኔ ግን የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከተማው ሁሉ እያየ ነው።

ኢልማ እባላለሁ። የምኖረው ዊሪምባ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። የስንዴ ጎተራ፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት... እና የኳስ ሜዳ። ሌላ የለንም።

እርሻው ሰፊ ስለሆነ ጎረቤት ለማየት መኪና ማስነሳት አለብህ። ቅዳሜ ሲሆን ግን ሁሉም መጥቶ መኪናውን በሜዳው ዙሪያ ያቆማል። የእኛ ልጆች ጎል ሲያገቡ መኪናው ሁሉ አንድ ላይ ክላክስ ይነፋል። በጎቹ እንኳ ለምደውታል።

ባሌ መርቭ የክለቡ ውሃ አቀባይ ነው። በእኛ አገር ኳስ ይፈቀዳልና፣ ጨዋታው ሳይቆም ጠርሙስና ፎጣ ይዞ ሮጦ ይገባል፤ አጠጥቶ፣ ላብ ጠርጎ ይወጣል። ጉልበቱ ካስቸገረው ቆይቷል። ሩጫውን ግን አልተወም።

እኔ ደግሞ ማሊያውንና ፎጣውን አጥባለሁ፤ በጨዋታ ቀን ሜዳው ዳር ባለችው ካንቲን ምግብ እሸጣለሁ።

አንድ ልጅ ነበረን። ጃሮድ።

ተከላካይ ነበር። ቦታው በጎተራው በኩል ያለው ጥግ ነው። ብዙ አይናገርም ነበር፤ ሜዳ ሲገባ ግን አፉ አያርፍም። "ከኋላህ!"፣ "ተወው፣ የኔ ነው!" ሲል ድምፁ ካንቲን ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ከባድ ጎርፍ በመጣ ዓመት፣ ከልምምድ ሲመለስ፣ የጎረቤት በጎች ጅረቱ ዳር በውሃ ተከበው አየ። ማሊያውን እንኳ ሳይቀይር ገባ።

በጎቹ ወጡ።

እሱ አልወጣም።

ጅረቱ ሲጎድል አገኘነው። ቀብረነዋል። ይህን የምነግራችሁ አስከሬኑ ጠፍቶ ቀረ ብላችሁ እንዳታስቡ ነው። በገዛ እጄ ፀጉሩን በፎጣ አደረቅሁት። ደጋግሜ አደረቅሁት... ግን እንቢ አለኝ። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፣ ውሃው መውረዱን አላቆመም። በመጨረሻ መርቭ እጄን ያዘኝና "ይበቃል፣ ኢልማ" አለኝ።

ዓመታት አለፉና ድርቅ መጣ።

ስሙ ክረምት ነው እንጂ ጠብታ የለም። ጅረቱ ደርቆ መሬቱ ተሰነጠቀ። ሰዉ እርሻውን እየሸጠ ሄደ፤ ወጣቱ ከተማ ገባ። በመጨረሻ ቡድን የሚሞላ ልጅ ጠፋ። የክለቡ ኮሚቴ ተሰበሰበና ይህ ዓመት የመጨረሻችን እንዲሆን ወሰነ። የቀሩት ተጫዋቾች ወደ ጎረቤት ከተማ ክለብ ይሄዳሉ። ሜዳው ይዘጋል።



የሚቀጥለው ቅዳሜ ላይ ነው የጀመረው።

ካንቲን ውስጥ ሆኜ በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ የስጋ ፓይ እየሸጥኩ በመስኮቱ አየዋለሁ። ኳሷ በወዲያኛው ጎል በኩል ናት። ተጫዋቹ ሁሉ እዚያ ነው። መርቭ ግን ፎጣ ይዞ በተቃራኒው ይሮጣል።

ወደ ጎተራው ጥግ።

ሰው ወደሌለበት።

ቆመ። ፎጣውን ዘረጋ። ትንሽ ጠበቀና... መልሶ ተቀበለ።

ከእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች አንዱ ከመኪናው ጮኸ። "አንተ ሽማግሌ! አጥሩን ነው እንዴ ውሃ የምታጠጣው?"

ሰው ሳቀ። ከእኔ ጋር ካንቲን የምትሠራው ግሌኒስ ግን አልሳቀችም። ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"ኢልሚ... መርቭ ደህና ነው?"

"ደክሞት ነው" አልኳት።

"ሐኪም አሳዪው። አባቴም የመርሳት በሽታው ሲጀምረው እንዲህ ነበር።"

እኔም እርጅና ነው ብዬ ደመደምኩ። እሁድ ጠዋት ፎጣዎቹን ወደ ማሽኑ ላስገባ ቅርጫቱን እስክከፍት ድረስ።

አንዱ ፎጣ ከባድ ነበር።

የላብ እርጥበት አይደለም። ሲጨመቅ የሚፈስ ውሃ። ጭቃም አለው... ጥቁር፣ የሚያዳልጥ ጭቃ።

በዚያ ክረምት በዊሪምባ ጭቃ አልነበረም። አቧራ ነው የነበረው።

አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ሽታውን አወቅሁት። እናት እንዴት ይጠፋታል? የጅረቱ ሽታ ነው።

አጠብኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ። በሚቀጥለውም። እያንዳንዱ ካለፈው የባሰ እርጥብ።

አንድ ቅዳሜ ከጨዋታ በኋላ ትሬንት ወደ ካንቲን መጣ። አሁን በዚያ ጥግ የሚጫወተው ልጅ እሱ ነው። ጃሮድ ሲሞት ይህ ገና ሕፃን ነበር።

ፓዩን ተቀብሎ አልሄደም።

"አክስቴ ኢልማ..."

"ምን ልጨምርልህ?"

"አይ፣ አልፈልግም።" ዞር ብሎ አየ። ድምፁን ቀነሰ። "እንዳትስቂብኝ።"

"አልስቅም።"

"እዚያ ጥግ ስሆን... የሆነ ሰው ይጠራኛል።"

እጄ ላይ የነበረውን ማንኪያ አስቀመጥኩ።

"ምን ይልሃል?"

"'ከኋላህ' ይለኛል። ዞር ስል እውነትም ተጋጣሚው እየመጣብኝ ነው። ዛሬ ባይነግረኝ ጎድኔን ይሰብረኝ ነበር።"

"ታዲያ ከልጆቹ አንዱ ይሆናላ።"

"ከልጆቹ ማንም አጠገቤ የለም፣ አክስቴ። ደግሞ ሲናገር... ጥርሱ ይንቀጠቀጣል። በጣም እንደበረደው ሰው።"

ፓዩን ሳይበላ ሄደ።

በማግስቱ ፎጣዎቹን ገመድ ላይ ሳሰጣ መርቭ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

"ታውቂያለሽ አይደል?" አለ።

ዞሬ አላየሁትም። "ምኑን?"

"ሽታውን። ለይተሽዋል።"

"መርቭ፣ እባክህ..."

"ውሃ ሳቀብለው አይቀበለኝም። ውሃ ጠግቧል። ፎጣውን ነው የሚፈልገው።"

ወደ እሱ ዞርኩ።

"ታየዋለህ?"

"አላየውም። ፎጣውን ስዘረጋለት ይወስደዋል። ትንሽ ቆይቶ ይመልስልኛል።" አሮጌ እጁን አየ። "እጁ እኮ በረዶ ነው፣ ኢልሚ።"

ማልቀስ ፈለግሁ፤ ግን ተናደድኩ። "ሞቷል! አብረን ነው የቀበርነው!"

"እኔስ መቼ አልሞተም አልኩሽ?"

ነፋሱ ፎጣዎቹን ያራግባል።

"እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ሜዳውን ከዘጉት በኋላስ... ማን ያደርቀዋል?"



የመጨረሻው ጨዋታ ቀን የሄደው ሰው ሁሉ ተመልሶ መጣ። ከተማ የገቡት፣ ያረጁት፣ ከተጣሉ በኋላ ሰላም የማይባባሉት። መኪናው ሜዳውን ሁለት ዙር ከቦታል። ግሌኒስ ፓይ እያወጣች ታለቅሳለች።

"አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ልንሠራ ነው? ከባሎቻችን ጋር ልናወራ?"

ሳቅን። እያለቀስን ሳቅን።

የጨዋታው አራተኛና የመጨረሻ ሩብ ሲጀመር ነፋሱ ተነሳ።

በምዕራብ በኩል ቀይ ግድግዳ ይመጣል። የአቧራ ማዕበል። መጀመሪያ ጎተራው ጠፋ። ቀጥሎ የጎሉ ቋሚዎች ጠፉ። ቀኑ ቡናማ ሆነ። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ጨዋታውን አስቆመ፤ ሰው ወደ መኪናው ሮጠ።

መርቭን ፈለግሁት። የለም።

የት እንደሄደ አላጣሁትም።

አንድ ፎጣ አንስቼ አፌን ሸፍኜ ወደ ጥጉ ሮጥኩ። እጄን ብዘረጋ ጣቴን አላየውም። "መርቭ!" እላለሁ፣ ነፋሱ ይውጠዋል።

ከዚያ እግሬ ሰጠመ።

ጭቃ።

በዚያ ሁሉ አቧራ መሃል እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ነኝ። ነፋሱም እዚያ ላይ አይሰማም። ፀጥ ያለ ነው።

ከፊቴ... በጣም ቅርብ... ጥርስ ይንቀጠቀጣል።

"መርቭ? አንተ ነህ?"

መልስ የለም። ጥርሱ ብቻ።

መሮጥ እችል ነበር። ግን ያ ድምፅ... ልጅ ሆኖ ከእርሻችን ግድብ ዋኝቶ ሲወጣ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ በር ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጠው ያ ነው። እንዴት ጥዬው እሮጣለሁ?

ፎጣውን ዘረጋሁ።

"ና" አልኩ። "ና የኔ ልጅ። ና ላድርቅህ።"

የጥርሱ ድምፅ ቆመ።

አንድ እጅ ፎጣውን ወሰደ። ጣቶቹ ጣቶቼን ነኩ። እስከ ትከሻዬ ድረስ ደነዘዝኩ።

ፎጣውን ግን አልመለሰልኝም።

ማዕበሉ እንዳመጣጡ ሄደ። ብርሃን ሲመለስ ብቻዬን ቆሜያለሁ። ከእግሬ ስር ያለው ደረቅ፣ የተሰነጠቀ መሬት ነው። ጫማዬ ግን ጭቃ ለብሷል።

መርቭን አየሁት። በሜዳው ወዲያኛው ጫፍ፣ አጥሩ ስር የተጠለሉትን ልጆች ዓይናቸውን በውሃ ያጥባል።

ጨዋታውን ጨረሱት። ተሸነፍን። የጨዋታው ማብቂያ ሳይረን ሲጮህ ግን መኪናው ሁሉ ክላክሱን ነፋ፤ የእንግዶቹም ጭምር። ለረጅም ጊዜ ማንም አላቆመም።

ሰኞ የሜዳው በር በሰንሰለት ታሰረ።

ከዚያ በኋላ መርቭ ከወንበሩ አይነሳም ነበር። ምግብ ስሰጠው ይበላል፣ ካልሰጠሁት አይጠይቅም። ፎጣው እንዳልተመለሰልኝ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

አንድ ቀን ጠዋት ጣሪያው ተንኳኳ።

ጠብ... ጠብ... ከዚያ ወረደ። ዝናብ።

ስልኩ ጮኸ። ግሌኒስ ናት፤ እየጮኸች ታለቅሳለች። "ኢልማ! ዘነበ እኮ! ዘነበልን! ሰዎቻችን በውስጥ ሱሪ ግቢ ውስጥ እየጨፈሩ ነው!"

"እሰይ" አልኳት። ስልኩን ዘጋሁ።

በዚያ ቀን በዊሪምባ የደነገጠ ቤት የእኛ ብቻ ነው።

መርቭ ተነሳ። ከቁም ሳጥን ያለንን ፎጣ ሁሉ አቀፈና በፕላስቲክ ጠቀለለው።

"መርቭ፣ ሜዳው ተዘግቷል።"

"አውቃለሁ።"

"ጉልበትህ..."

"በዚህ ዝናብ ብቻውን ልተወው?"

ኮቴን ለበስኩ። ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩና አብሬው ወጣሁ። መኪናው አልነሳ ስላለን በእግራችን ሄድን። ከሰዓት ደረስን። በተቀደደው አጥር በኩል ገባን። ሜዳው ኩሬ ሆኗል። ውሃው ላይ ዝናቡ ይፈላል።

ወደ ጎተራው ጥግ ሄድን።

መርቭ ድንገት ቆመ። ፎጣዎቹ ከእጁ ወደቁ።

ጥጉ ላይ፣ በውሃው መሃል፣ አንድ ደረቅ ቦታ አለ።

አንድ ሰው የሚተኛበት ያህል። ዝናቡ በዙሪያው ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ግን አይወርድም። አቧራው እንኳ እንዳለ ነው።

ተንበርክኬ መዳፌን አሳረፍኩበት።

ሞቋል። ሰው ተነስቶ እንደሄደበት አልጋ።

"ደርቋል..." አለ መርቭ። "ኢልሚ፣ ደርቋል እኮ!"

ከደረቁ ቦታ ጫፍ ላይ የባዶ እግር ዱካ ይጀምራል። ውሃው ውስጥ ደረቅ ዱካ። አንድ... ከዚያ ሌላ። በአጥሩ በኩል ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ይቀጥላል። አስፋልቱ በዝናብ ጠቁሮ ያበራል፤ ዱካዎቹ ግን ነጣ ብለው፣ ደርቀው፣ ጠብታ ሳይነካቸው ወደፊት ይሄዳሉ።

በመጣንበት መንገድ።

ስንመጣ አልነበሩም።

መርቭ እጄን ያዘ። ተከተልናቸው። በተዘጋው ትምህርት ቤት በኩል አለፉ። በጅረቱ ድልድይ ላይ አለፉ፤ ከታች ጅረቱ መሙላት ጀምሯል። ወደ እኛ የእርሻ መንገድ ታጠፉ።

የግቢያችን በር ላይ ስንደርስ መርቭ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

"ቤቱን ክፍት ትተሽው ነው የመጣሽው?"

"ቆልፌዋለሁ" አልኩት። ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። "ይኸው።"

አላየውም። እሱ የሚያየው ጣሪያውን ነው።

ምድጃችንን ከለኮስን ወራት አልፈዋል። ቤት ውስጥ አንድ ፍልጥ እንጨት የለንም።

ከጭስ ማውጫው ግን ወፍራም ነጭ ጭስ እየወጣ ነበር... ዝናቡን ሰንጥቆ፣ ቀጥ ብሎ፣ ወደ ላይ።