ሌላ ሰው ያሰረው ካንዴላ

መካኒኩ ያን ቀን ጠዋት የከብት ሐኪሟን ሞተር ሳይክል ሊያይ፣ እሳት የሚጭርበትን ካንዴላ ሲፈታ ፊቱ ልውጥ አለ። ካንዴላው አዲስ ነበር። እሱ አላሰረውም።

ሁልጊዜ የሚፈታላት እሱ ነው። ወደ ገበሬዎቹ ግቢ ከመውጣቷ በፊት ጋራዡ ጎራ ትላለች። እሱ ካንዴላውን ነቅሎ ጥቀርሻውን በሽቦ ብሩሽ ያጸዳል፤ ጫፉ ተበልቶ ከሆነም ይቀይረዋል። እሷ አጠገቡ ቆማ ስለ ታመመች ጊደር ስታወራው፣ ትንሿ ሥራ ሆን ተብላ ትረዝማለች። እንደሚወዳት ግን አንድም ቀን ከአፉ አውጥቶ አያውቅም።

«ማነው የቀየረልሽ?» አለ ቀና ሳይል።

«መለዋወጫ ሻጩ። መንገድ ላይ ቆሜ አገኘኝና...»

«አስቆመሽ?»

«ኧረ ሞተሩ ነው ያስቆመኝ!» ብላ ሳቀች። «ደግ ሰው ነው። እጁም ፈጣን ነው።»

እጁም ፈጣን ነው! ሻጩን ያውቀዋል፤ ሸሚዙ የማይቆሽሽ፣ ጨዋታ የሚችል ሰው ነው። እሷ እግር ሥር በርከክ ብሎ ካንዴላ ሲያስር ታየውና ደሙ ፈላ።

«ይሄ ለዚህ ሞተር አይሆንም» አለ። «ያቃጥልብሻል።»

ውሸት ነበር። ካንዴላው ልኩ ነው፤ ጫፉም ጤነኛ ቡኒ ቀለም ይዟል። እሱ ግን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወርውሮት ሌላ አሰረላት።

ሐኪሟ ከመሄዷ በፊት ጎንበስ ብላ የተጣለውን አነሳችና ኪሷ ከተተችው።

የጋራዡ ባለቤት አጎቱ ነው። ከጎማው ክምር ጀርባ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ካንዴላ ምን በደለህ?»

«አይሆንም አልኩህ እኮ!»

«የቱ? ካንዴላው ወይስ ሰውየው?»

በማግስቱ ሐኪሟ ተመልሳ መጣች። ካንዴላውን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገችው።

«ሻጩ የራሱ ሞተር ላይ ሞከረልኝ። ምንም የለበትም። ለምን ዋሸኸኝ?»

ሊያስተባብል አሰበ፤ ዓይኗ ግን ከፊቱ ላይ አልነቀል አለ።

«ቀናሁ» አለ በመጨረሻ።

«ምኔ ሆነህ?»

ካንዴላውን ከጠረጴዛው አንስቶ አገላበጠው።

«ላም እንኳ ሲያማት ታሳየኛለች» አለች። «አንተ አፍ እያለህ ትዋሸኛለህ።»

ወጥታ ሄደች፤ ከዚያ በኋላም ጋራዡን ሳትረግጥ ሰነበተች። የሞተሯን ድምፅ ግን ከስንቱ መሀል ይለየዋል። በደጃፉ አልፎ ወደ መለዋወጫ ሱቁ ሲታጠፍ በሰማ ቁጥር በእጁ የያዘው ቡሎን ይወድቅበታል። ቅናቱ እህል አላስቀምስ አለው። ይባስ ብሎ አንድ ቀን አጎቱ ወሬ ይዞ ገባ።

«ሻጩ ለትዳር ጠይቋታል አሉ። አንተ እዚህ ካንዴላ ስትነቅል ክረም!»

በአንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ራሷ ውሃ እየተንጠባጠበባት ሞተሯን እየገፋች ገባች።

«ተቆራርጦ ጠፋብኝ። ሌላ የሚቀርብ ጋራዥ ስላጣሁ ነው» አለች ፈጥና።

መካኒኩ የካንዴላ ቁልፉን አነሳ። ጥቂት አመነታና ለእሷ ዘረጋላት።

«ዛሬ አንቺ ፍቺው።»

«እኔ?»

«አዎ፣ ልመጂው። መንገድ ላይ ስትቆሚ የማንንም እጅ አትጠብቂ። የእኔንም።»

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁ። ዙሪያውን ጠርጋ፣ ቀስ ብላ ፈታችው፤ ጫፉ ጥቀርሻ ለብሶ ጠቁሯል። አዲሱን አቀበላት። «መጀመሪያ በጣትሽ ብቻ አዙሪው፤ ጥርሱ እንዳይበላ። ሲይዝልሽ በቁልፉ ትንሽ ጠበቅ አድርጊው።» ጣቶቿ ጣቶቹ አጠገብ ነበሩ። አልነካቸውም።

ሞተሩ ባንድ ርግጫ ተነሳ።

«እንግዲህ እኔ ጋ መምጣት አያስፈልግሽም» አለ። ቁልፉን ከእጇ ተቀብሎ አስቀመጠ። «እወድሻለሁ። ያን ቀን ማለት የነበረብኝ ይሄን ነበር። ሻጩን እሺ ብለሽውም ከሆነ ንገሪኝ፤ እችለዋለሁ።»

«ትችለዋለህ?»

«አልችለውም» አለ።

በጥቀርሻ የቆሸሸ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«ትናንት አይሆንም አልኩት። ጨዋ ሰው ነው፤ ልቤ ግን አልሄደለትም።» አለችና ቀጠለች፦ «መቅናት ከፈለግህ ቅና። ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ ብቻ።»

«አልዋሽሽም።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። መንገዱም ክፍት ነው። እሷ ግን ሞተሩን አጥፍታ፣ ሣጥን ጎትታ አጠገቡ ተቀመጠች።