የረቡዕ ትሪ

ጠጅቱ ሞታ የተገኘችው ሱሉልታ፣ የለውዝ ከረሜላ በምትሠራባት ጠባብ ማድቤት ውስጥ ነው። ረቡዕ፣ ስምንት ሰዓት ላይ። በሩ ተዘግቷል። አጠገቧ የነደደ ከሰል፣ ከከሰሉ ጎን አንድ ትሪ ያልተቆረጠ ከረሜላ። ያየ ሁሉ «ጭስ ነው» አለ።

ልጇ ሐኒ ግን «እኔ ነኝ የገደልኳት» ትላለች። ጠዋት ከሰሉን አቀጣጥላ አስገብታ ነው ትምህርት ቤት የሄደችው። ማንም ዝም ሊያሰኛት አልቻለም።

ሳጅን ዱርሲቱ ብዙ አታወራም። የሟችን ከንፈር ገልጣ አየች፤ ከውስጥ ተሰንጥቋል። ጭስ ከንፈር አይሰነጥቅም። ከዚያ ትሪው ላይ ጎንበስ አለች። ጾመኛ ናትና አልቀመሰችም፤ አሸተተችው።

የግቢው ውሻ ከሦስት ሰው በቀር አያስገባም። ሐኒን፣ ከጠጅቱ ጋር የምትሠራውን ጎረቤቷን ውብአየሁን፣ የጠጅቱን የሞተ ባል ወንድም ኦቦ ቦጂያን።

«እትዬ ውብአየሁ፣ ትሪው በምን ነው የሚቀባው?»

«እንዳይጣበቅ ረቡዕና ዓርብ በዘይት፣ ሌላ ቀን በቅቤ። የምንሸጠው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። በጾም ቅቤ ብናስነካቸው በዱላ ነው የሚያባርሩን።»

ኦቦ ቦጂያ ከሰበታ ደርሰዋል። ሳጅኗ «አካም ጅርቱ» ብላ ብትጨብጣቸው መዳፋቸውን ሰብስበው አንጓቸውን ሰጧት።

«ዛሬ መጥተው ነበር?»

«እሁድ እሁድ ብቻ ነው የምመጣው።»

«ስትሠራ አይተዋት ያውቃሉ?»

«እሁድ በመጣሁ ቁጥር። ስኳሩን ታቀልጣለች፣ ለውዙን ትጨምራለች፣ ትሪውን ቅቤ ቀብታ ትገለብጥበታለች። ይሄ ምን ጥበብ አለው?»

«ምንም።»

አስር ሰዓት ላይ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ጠጅቱ የሞተችው በሰው እጅ ታፍና ነው» አለች። «ሐኒ ያቀጣጠለችውን ከሰል ራሷ ጠጅቱ ሥራ ስትጨርስ ደጅ አመድ ውስጥ ቀብራዋለች፤ አይቼዋለሁ። የጠዋቱ ከረሜላም ተቆርጦ፣ በላስቲክ ተቋጥሮ መደርደሪያ ላይ ነው። ታዲያ ሁለተኛውን እሳት ማን አነደደው? ገዳዩ ነው። ያለ ሥራ እሳት ስለማይነድ ደግሞ አንድ ትሪ ከረሜላ ሠራ። ጭስ የደፋት እንዲመስል ሳይቆርጠው ተወው።»

«ሠራ?» አለች ውብአየሁ። «ወንድ ነው?»

«ትሪው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ዛሬ ረቡዕ ነው። አንቺ ብትሆኚ ዘይቱን ነበር የምታነሺው፤ ሐኒም እንደዚያው። ቅቤ የሚያነሳው የእሁዱን ሥራ ብቻ ያየ ሰው ነው።»

ኦቦ ቦጂያ ሳቁ። «በቅቤ ሽታ ሰው ይታሰራል እንዴ?»

«እጅህን አሳየኝ።» አንቱታው ቀረ።

አልዘረጋም። አብሯት የመጣው ፖሊስ እጁን ይዞ ፈለቀቀው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ውሃ ቋጥረዋል። የፈላ ስኳር ተጣብቆ ነው የሚያቃጥለው፤ ቢያራግፉት አይወርድም።

«የወንድሜ መሬት ነው» አለ ቦጂያ፣ መሬት መሬት እያየ። «ፈርሚ ብላት እምቢ አለች።»

ይዘውት ወጡ። ውሻው እንደ ለመደው ጭራውን እየቆላ እስከ በሩ ሸኘው።

ሐኒ ትሪው ላይ ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«እሳቱ የኔ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ቅቤውንም እሷ አልነካችውም?»

«አልነካችም።»

«እናቴ ጾሟን አልገደፈችም» አለች ሐኒ፤ ከዚያ እናቷ ገና አሁን እንደሞተች ሁሉ አለቀሰች።