የዴሊያ አምባር

ማርኒ አምባሩን መዋኛ ገንዳው ጠርዝ ላይ ስታገኘው በመጀመሪያ ግራና ቀኝ አየች። ማንም የለም። በበረሃማዋ የስኮትስዴል ከተማ ፀሐይ የጋለው ብረት ጣቷን ለበለባት፤ ግን አልጣለችውም።

አምባሩ የእንጀራ እህቷ የዴሊያ ነው። «ከሞተች ቶሎ በበረዶ ሸፍኗት፣ ወደዚህ ቁጥር ደውሉ» የሚል ተቀርጾበታል። ከእጅ እንዳይወልቅ የተባለ ዕቃ፣ እሷ እንደ ፀጉር ማስያዣ በየቦታው ትጥለዋለች።

የማርኒ አባትም አንድ አለው። ለሁለቱም የሕይወት ኢንሹራንስ ተገብቶላቸዋል፤ ሲሞቱ ገንዘቡ ለዘመድ ሳይሆን አስከሬናቸውን አቀዝቅዞ ለሚያቆየው ድርጅት ይከፈላል። አንድ ቀን የሞተን የሚያስነሳ ሕክምና ሲደረስበት አብረው ይነቃሉ። አባቷ የሚያምነው እንዲህ ነው።

ለማርኒም ሊገባላት ነበር። ግን የእናቷ ፊርማ ያስፈልጋል፤ እናቷ ደግሞ «ልጄ ዶሮ ናት እንዴ ፍሪዘር የምትገባው?» ብላ እምቢ አለች። የማርኒ አባት ያገባት የዴሊያ እናት ግን ፈረመች። እና አሁን የማርኒ አባት ሲነቃ አጠገቡ የሚያገኘው የሌላ ሰው ልጅ ነው።

አምባሩን አጠለቀችው። ልክክ አለላት። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ከአጥሩ ማዶ ቁልቋሉ መሃል ብትወረውረው ማን ያገኘዋል?

«ዴሊያ፣ መነጽሬን አየሽው?» አባቷ ከውስጥ ተጣራ።

ዴሊያ ነው ያለው።

«ጭንቅላትህ ላይ ነው» አለች ማርኒ። ሁልጊዜም እዚያው ነው።

ዴሊያ እርጥብ ፀጉሯን እየጨመቀች ከቤት ወጣች። አምባሩን ማርኒ እጅ ላይ አየችው።

«ያምርብሻል። ውሰጂው።»

«አትቀልጂ።»

«የምሬን ነው። እማዬን ስኳር አለብሽ ብሎ ኢንሹራንሱ አልተቀበላትም፤ እሷ የለችም ማለት ነው።» ዴሊያ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ከስንት ዘመን በኋላ ዓይኔን ስገልጥ የማውቀው ሰው ያንቺ አባት ብቻ ነው። ምን እንደማወራው እንኳ አላውቅም። እስካሁን በስሙ ‹ራስል› ነው የምለው።»

ማርኒ ልትስቅባት ፈልጋ ነበር። ሳቁ አልመጣም። ቅናቱም አልሄደም። አምባሩን አወለቀችና የዴሊያን እጅ ሳብ አደረገች።

«ስሚ። ሲነቃ መጀመሪያ የሚፈልገው መነጽሩን ነው።»

«ጭንቅላቱ ላይ።»

«አዎ። ቀጥሎ ስለኔ ይጠይቅሻል።» የአምባሩን መቆለፊያ ዴሊያ እጅ ላይ ጠቅ አደረገችው። «ጠጋ በይ፤ የምትነግሪውን ልንገርሽ።»