ጉዳይ ይዘን መጥተናል

እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ፣ እሸቴ ደግሞ የመንገድ ተቋራጩ ጠበቃ ነበርን።

መጀመሪያ ያየሁት ደብረ ታቦር ችሎት ላይ ነው። ተቋራጩ የሠራውን የገሳይ መንገድ የድጋፍ ግንብ ክረምት ናደው። ክርክሩን መጀመሪያ ያዩት የግልግል ዳኞች ታዲያ ምስክራችንን እንኳ ሳይሰሙ «ተቋራጩ መልሶ አይሠራም» ብለው ወሰኑ። እኔ ውሳኔው ይሻርልን አልኩ፤ እሸቴ ይጽናልን አለ። ሲከራከር ድምፁ ደስ ይል ነበር። ተናደድኩ።

«እንዲህ ተቆጥተሽ ስታዪኝ የምናገረው ይጠፋኛል» አለኝ ስንወጣ።

«እንግዲያው ሁልጊዜ እቆጣለሁ።»

በሦስተኛው ቀጠሮ ከዳኛው ይልቅ እሱን ሳይ መዋሌ ገባኝ። ወደድኩት፤ ምን ይደረግ!

እሱ እቴ፣ ሳያማክረኝ ገሳይ ከሚኖሩት አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ደጃፍ ቆመው፣ «ከጠበቃ እሸቴ ተልከን ጉዳይ ይዘን መጥተናል» አሉ።

አባቴ ጉዳይ ሲባል የሚያውቁት የግንቡን ብቻ ነው።

«ልጄ ክሱን እንድትተው ልትለምኑኝ ነው? ከደጄ ጥፉ!» ብለው በከዘራ ሸኟቸው።

ስሰማ እኔም ጠረጠርኩ።

«ለእኔ ነው ወይስ ለክሱ?» አልኩት።

«ላንቺ ነዋ!» አለ ፊቱ ቀልቶ።

«እንግዲያው ፍርዱ እስኪነበብ ዝር እንዳትል።»

ፍርዱ ተነበበ። ውሳኔው ተሻረ፤ አሸነፍኩ። ባልደረቦቼ ሲጨብጡኝ ዓይኔ እሸቴን ፈለገ። መዝገቡን አቅፎ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ ወጣ። ምነው በተረታሁ ብዬ ተመኘሁ። ነገረ ፈጅ እንዲህ ሲመኝ ነውር ነው፤ ግን ተመኘሁ።

እሑድ አባቴን ልጠይቅ ገሳይ ሄድኩ። ረፋዱ ላይ ውሻው ጮኸ። እነዚያው ሽማግሌዎች ደጃፍ ቆመዋል! ጓዳ ገብቼ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ደግሞ ያንን ጉዳይ ይዛችሁ መጣችሁ?» አሉ አባቴ።

«እሱንስ ተረተናል፣ አቶ አስናቀ» አሉ ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ አያ ሙላቴ። «አሁን የመጣነው ለልጅቷ ነው። ዱሮም ለልጅቷ ነበር።»

አባቴ ከዘራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ለተረታ ሰው ልጅ ይሰጣል እንዴ?»

ሽማግሌ በቆመበት የልጅቷ ድምፅ አይሰማም፤ ወጉ እንደዚያ ነው።

«ይሰጣል!» አልኩ ከጓዳ።